ወደ ገበሬው የዞረ ስክሪን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢ እና መስተዋት የገባበት የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። አዲሱ ኃላፊ ተነሥቶ አጭር ንግግር አደረገ። «እትዬ ሙሉ ታታሪ ናቸው፣ ታማኝ ናቸው፣ ትንሽ ግን ግትር ናቸው» ሲል አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጣጥፍ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ግትር ያሰኘኝ ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት አንድ ነገር አለኝ፤ ቦታው ሲደርስ አልሸሽገውም። የቀረውን ግን ዛሬም ወንበሬ ላይ ብመለስ ያንኑ አደርገዋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በታይፒስትነት ነው። ሦስት ወረቀት በካርቦን ደራርቤ እመታ ነበር፤ አንድ ፊደል ከሳትሁ ሦስቱንም መፋቅ ነው። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ኃላፊው ቢሮ ተቀመጠ። ልንካው ብል «አንቺ ታይፕሽን ምቺ» ተባልሁ። ኃላፊው ስብሰባ በሄደ ቁጥር ጨርቁን እየገለጥሁ ተማርሁት። ዓመት ሳይሞላ የቢሮው ደብዳቤ ሁሉ ከእሱ ይወጣ ጀመር፤ የምታወጣውም ታይፒስቷ ነበረች። በኋላ በክረምት ተምሬ ዲፕሎማ ያዝሁ፤ የሥራ መደቤም ተቀየረ። ደመወዙ ብዙም አልተቀየረም።

ሙያውን ያስተማረኝ ግን ዲፕሎማው አይደለም። ወደ ጋይንት ተዛውሬ ነፋስ መውጫ ስሠራ የቢሮው ኮምፒውተር ተበላሸና በሰው አሸክሜ ሰይድ ከሚባሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ጋሽ ሰይድ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ነው።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ተበላሸ።»

«ተበላሸ ማለት ምንም ማለት አይደለም። መጨረሻ ደህና የነበረበትን ጊዜ ንገሪኝ።»

ነገርኋቸው። የአንድ ሰው ፍላሽ ከተሰካበት ወዲህ ነው። እሳቸውም ሳይቸኩሉ ገመዶቹን ከመንቀላቸው በፊት አንድ በአንድ አዩአቸው፣ በስኳር ካርቶን ላይ አመጣጣቸውን ሣሉ፣ በእያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር አሰሩ። ጥፋቱ አልገኝ ሲላቸው ትተውት ሄደው ይሰግዳሉ፤ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ያገኙታል። ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ አጥፍተው ያበሩታል። እንደገና አጥፍተው ያበሩታል። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ሶኬቱን ነቅለው፣ መብራት የሄደ አስመስለው ያበሩታል። ከዚያ ተነሥተው ደንበኛው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጡና ከዚያ ሆነው ያዩታል። ይህ ሁሉ ሆኖም «ተሠራ» አይሉም። «ለዛሬ ሠርቷል» ነው የሚሉት።

ሊኑክስን ያየሁት እሳቸው ዘንድ ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ደንበኛ በሲዲ ሰጥቷቸው ኖሯል። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው፤ ፈቃድ አይገዛለትም፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፣ በየቢሮው በፍላሽ የሚዞረው ቫይረስም አያስቸግረውም። ብዙውን ነገር በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ማሠራት ይቻላል። ሰው ሁሉ ያን ጥቁር መስኮት ይፈራዋል። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ ጽፎ ማዘዝ ለእኔ ከማውዙ ይልቅ ይቀልለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድሁ አጠገባቸው እቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ሥዕሉ መጣ፣ ግን ጠርዙ ተቆርጧል፤ ከታች ያለው የፕሮግራሞቹ መስመር አይታይም። «ቴሌቪዥን ለፊልም ነው የተሠራው፤ ሥዕሉን ለጥጦ ጠርዙን ይበላዋል» አሉኝና መጠኑን ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው አረሙት። ድምፁ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። ድምፅ በየት በኩል ይውጣ የሚለው ለብቻው ይታዘዛል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ከበራ ማሽኑ ቴሌቪዥን መኖሩን ላያውቅ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉም ትምህርት ነው።

ያን ቀን ካሉኝ ሁሉ አንዱን ብቻ በደንብ በሰማሁት ኖሮ።

«ሁለተኛ ስክሪን ስትሰኪ ማሽኑ አንድ ጥያቄ አለው» አሉኝ። «እዚህ ያለው እዚያም ይደገም? ወይስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀጥለው እንደ አንድ ሰፊ ገበታ ይሁኑ? አንቺ ካልመለስሽለት ራሱ ይመልሳል።»

ወገዳ በምትባል ከተማም ሠርቻለሁ። መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል፤ ሞኒተር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ የተጓዝሁበት ቀን ብዙ ነው። ዋናው ታሪኬ ግን የተፈጸመው አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ።

እዚያ ስመደብ አሠራሩ እንዲህ ነበር። ገበሬው የይዞታ ደብተሩን ይዞ ይገባል፣ ይናገራል፣ መዝጋቢዋ አበባ ትጽፋለች፣ ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል፣ ገበሬው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። የስክሪኑ ጀርባ ነው ወደ እሱ የዞረው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ከመንከራቸው በፊት «ምን ብለሽ ጻፍሽው፣ ልጄ?» አሏት። «ያሉትን ነው፣ አባቴ» አለች። አበባ ደግ ልጅ ናት፤ ክፋት አልነበረባትም። ሰውየው ግን ቀለሙን ጣታቸው ላይ ይዘው የፕላስቲኩን ጀርባ ትንሽ ጊዜ አዩትና አሳረፉ።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ባለጉዳዩ የጻፍሁትን አይቶት እንደማያውቅ ያን ቀን ገባኝ።

በማግስቱ ከስቶር የተጣለ ሞኒተር አወጣሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ ገበሬው አዞርሁት፣ ሊኑክስ ከጫንሁበት ከአበባ ማሽን ጋር አገናኘሁት። በጥቁሩ መስኮት የተሰኩትን ስክሪኖች ስም የሚዘረዝር ትእዛዝ አለ፤ በዚያ ሁለቱን ለየሁና የእሷ በእሱ ላይ እንዲደገም አዘዝሁ። እሷ ያየችውን እሱም ያያል፣ ምንም አይጎድልም፣ ምንም አይጨመርም። ፊደሉን ከሩቅ እንዲነበብ አጎላሁት። ማንበብ ለማይችል ገበሬ አበባ ጠቋሚውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች ታነብለታለች። የመሬቱን ካርታ ለማየት ደግሞ ፊደል አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ «አያቴ ኃይሌ እንጂ ኃይሉ አይደለም» አለ፤ ሌላዋ በምዕራብ የሚያዋስናት ሰው ከሞተ ዘመን እንዳለፈው ተናገረች።

ኃላፊው አቶ ደምሴ ደስ አላለውም። «ባየ ቁጥር ይከራከራል። ሰልፉ ረዘመ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰልፉ ረዝሟል። እኔም እሱን ለማስደሰት ብዬ ሌላ ነገር አመጣሁ። ለስብሰባ ተገዝቶ ስቶር የተቀመጠ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። እሱን በመጠበቂያው አዳራሽ ሰቅዬ የተራ ቁጥር ላሳይበት አልሁት። አቶ ደምሴ ወደደው። በማግስቱ ከዞን እንግዶች ይመጣሉና ለዚያ ይድረስ አለ።

ቸኮልሁ። ረጅም ገመድ በግድግዳው አሾልኬ ከዚያው ከአበባ ማሽን ጋር አገናኘሁት። ሌላ ማሽን ፈልጌ ለብቻው ማድረግ ነበረብኝ፤ ጊዜ የለም አልሁ። የገበሬው ስክሪን ይደገም፣ ቴሌቪዥኑ ግን በጎን ይቀጠል፣ በዚያ በኩልም ቁጥር ብቻ ይታይ ብዬ በእጄ ጽፌ አዘዝሁ። እንዲህ በእጅ የተሰጠ ትእዛዝ ማሽኑ እስኪጠፋ ነው የሚቆየው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲያነበው በፋይል መቀመጥ አለበት። ነገ አደርገዋለሁ አልሁ። እንግዶቹ መጡ፣ ቁጥሩን አዩ፣ አጨበጨቡ። አንድ ጊዜም አጥፍቼ አላበራሁትም።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ረፋዱ ላይ መብራት ሄዶ ተመለሰ። አበባ ማሽኗን አበራችና ሥራዋን ቀጠለች። በሩ ተዘግቶ ከፊቷ የተቀመጠችው የሺ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የባሏ ወንድም ወሰን ገፍቶ ማሳዋን አርሶባታል፤ ይህንኑ በምስጢር ልታመለክት መጥታለች። ምስክሯ የሰፈሩ የአብነት መምህር መሪጌታ ላእከ ናቸው። የወሰኑ ድንጋይ ሲነቀል በዓይናቸው አይተዋል።

እኔ በሌላው ክፍል ፕሪንተር እፈታ ነበር። ግቢውን ሳቋርጥ የአዳራሹ ጸጥታ አስደነገጠኝ። በሐሙስ ቀን ያ አዳራሽ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ገብቼ ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ የሺ የምትናገረው እየተጻፈ ነው። ፊደሉ ለገበሬው ብዬ ባጎላሁት መጠን ጎልቶ፣ ቃል በቃል ይወጣል። መብራቱ ሲሄድ ትእዛዜ ጠፍቶ፣ ማሽኑ ራሱ መልሶ በሁሉም ስክሪን ደግሞታል። አንድ ጎረምሳ ማንበብ ለማይችሉት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። «ድንጋዩን ሲነቅል ያዩት መሪጌታ ላእከ ናቸው» የሚለው ላይ ደርሷል። የባሏ ወንድም ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጧል።

ገመዱን መዝዤ ነቀልሁት። ከዚያ በኋላ ምን ዋጋ አለው።

የሆነው ይህ ነው፦ መሪጌታን ማንም አልነካቸውም፤ ክፉ ቃልም አልተናገራቸውም። ነገር ግን ከእሳቸው ዘንድ የሚማሩት ተማሪዎች እንደ ደንቡ በየቤቱ እየዞሩ ለምነው ነው የሚበሉት። ከዚያ ሐሙስ በኋላ የየሺ ባል ወንድም ወገን ቤቶች ሁሉ ተዘጉባቸው። ያም ወገን የቀበሌው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁት መሪጌታ ዘንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አገኘኋቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኋቸው፤ በመብራቱ አላሳበብሁም።

«ያየሁትን አላየሁም አልልም፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን እነዚህ ልጆች ከሩቅ አገር እኔን ብለው የመጡ ናቸው። ቃሌን ለዳኛ እሰጣለሁ ብዬ ነበር፤ አንቺ ለገበያ ሰጠሽው። ከእንግዲህ አልመሰክርም።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። ያን ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ጋይንት ወዳለው የቤተ ልሔም ደብር ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ስለዚህ ነገር የሚያጽናና ቃል የለኝም፤ አልፈልግምም።

የሺ ምስክሯን አጣች፤ የዚያ ዓመት አዝመራም አለፋት። ቤቷ ስሄድ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። የምነግራትን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ገመዱን ማን ሰካው?» አለች።

«እኔ።»

«እሺ፣ ቢያንስ አልዋሸሽኝም» አለችና ባቄላዋን ቀጠለች። ተቀመጪ አላለችኝም።

ጋሽ ሰይድ ዘንድም ሄድሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ስንት ጊዜ አጥፍተሽ አበራሽው?» «አንዴም» አልሁ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ብዙ ኃላፊዎች ተቆጥተውኝ ያውቃሉ፤ የዚያችን ጥያቄ ያህል ያመመኝ የለም።

በሳምንቱ አቶ ደምሴ ጠራኝ።

«ሁለቱንም ስክሪን ዛሬውኑ ያንሱ» አለኝ።

«ቴሌቪዥኑን አንሥቻለሁ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። የገበሬው ስክሪን ግን ምንም አላጠፋም።»

«ሕዝብ ያየው በስክሪን ነው። አሁን ደግሞ ስክሪን ይቆይ ይሉኛል?»

«የሺን የጎዳት ሌላ ሰው ማየቱ ነው። እሷ ማየቷ አይደለም።»

«ወይዘሮ ሙሉ፣ ትእዛዝ ነው የምሰጥዎት።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ» አልሁት። «ገበሬው የሚጻፍለትን እንዳያይ ስክሪኑ ይነሣ ብለው ይጻፉና ይፈርሙበት። ቁጥር ይሰጠው፣ ማኅተም ይደረግበት። ያን ጊዜ እነቅለዋለሁ።»

አልጻፈውም። የጻፈው ለእኔ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በቴሌቪዥኑ ጥፋት። አንብቤ ፈረምሁበት፤ ይገባኝ ነበር። የደረጃ እድገቴም በዚያው ቆየ። ስክሪኑ ግን ከቦታው አልተነሣም። ለዓመት ፈቃድ ወጥቼ ስመለስ ተነቅሎ ስቶር አገኘሁት፤ መልሼ ሰካሁት። ሁለተኛ ተነቀለ፤ ሁለተኛ ሰካሁት። በሦስተኛው ማንሣቱ ሰለቻቸው።

በመካከሉ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ለቴሌቪዥኑ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለብቻው አዘጋጀሁ፤ በውስጡ ከተራ ቁጥር በቀር ምንም የለም። ከአበባ ማሽን ወደ አዳራሹ የሚሄደውን ገመድ ከግድግዳው ጎትቼ አወጣሁና ቀዳዳውን በሲሚንቶ አስደፈንሁት። ለአበባ ማሽን ደግሞ ሲነሣ ራሱ የሚያነበው ትእዛዝ ጻፍሁለት፦ ስማቸውን የሚያውቃቸውን ሁለቱን ስክሪኖች ብቻ ያብራ፣ ሌላ የማያውቀው ነገር ከተሰካበት ጥቁር ያድርገው። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ስነቅል ስሰካ ዋልሁ። አበባ «እትዬ ሙሉ፣ በቃ ይሠራልኮ» ብትለኝም እሺ አላልኋትም። በየመካከሉ እየተነሣሁ አንድ ጊዜ ገበሬው ወንበር ላይ፣ አንድ ጊዜ አዳራሹ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አየሁት።

በተከታዩ ዓመት አዲስ ካርታ መስጠት ተጀመረ። የየሺ ተራ ደረሰ። እኔ በአጋጣሚ እዚያው ክፍል ነበርሁ፤ አይታ ሰላም አላለችኝም። አበባ የማሳዋን ካርታ ከፈተችና አዋሳኞቹን ማንበብ ጀመረች። የሺ ፊደል የቆጠረችው በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስደግፋ አብራ ታነባለች። ምሥራቅ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የባሏ ወንድም ስም ተጽፏል።

«ይህ አይደለም» አለች። «የእኔ በምሥራቅ ጅረት ነው የሚያዋስነው። እሱ የሚያዋስነኝ በደቡብ ብቻ ነው።»

«ልኬቱ እንዲህ ነው የመጣው፣ እትዬ» አለች አበባ።

«ሥዕሉንም እይው። እዚህ ጋ ወደ ጅረቱ መውረድ አለበት፤ ተቆርጧል። ይኸ ባዶ ያደረጋችሁት ቦታ ላይ ዋንዛ አለ። ባሌ ነው የተከለው።»

የቀለሙን ሳህን አበባ አስጠጋችላት። የሺ በእጇ ጀርባ ገፋችው።

«አላሳርፍም» አለች።

አቶ ደምሴ ተጠራ። እሷን እንደማግባባት ብሎ «እርስዎ ራስዎ በዚህ ስክሪን የተጎዱ ሰው ነዎት» አላት። የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች።

«እኔን የጎዳኝ የማይመለከተው ሰው ማየቱ ነው» አለችው። «ይህን ደግሞ እኔ ባላየው ኖሮ መሬቴን በገዛ ጣቴ ፈርሜ እሰጥ ነበር። ለኪዎቹን መልሱልኝ።»

ያን ቃል እኔ ነበርሁ ቢሮው ውስጥ የተናገርሁት፤ እሷ ግን አልሰማችም። በራሷ ነው የደረሰችበት። ለኪዎቹ ወደ ማሳዋ ተመልሰው ሄዱ። ከዋንዛው ሥር የድሮው የወሰን ድንጋይ ጉድጓድ ተገኘ፤ ካርታው ታረመ። የሁለት ዓመት አዝመራ ቀርቶባታል፤ እሱን የሚመልስላት የለም። መሬቱ ግን ዛሬ በእጇ ነው። አሁን ገበያ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ የበለጠ አልጠብቅባትም።

ባለፈው ወር ለጡረታዬ የሚያስፈልግ አንድ ወረቀት ፈልጌ እዚያው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገብተዋል፣ ፕሮግራሙም ሌላ ነው። የተከሉት ባለሙያዎች ከከተማ የመጡ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስክሪን ብቻ አለ፤ ወደ መዝጋቢዋ፣ ወደ አበባ የዞረ። የቀድሞው ሞኒተር ተነሥቷል። ወረቀቴን እስኪሰጡኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ገባ። ተናገረ፣ ተጻፈለት፣ ታተመለት። የቀለሙ ሳህን ቀረበ። ሰውየው እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም።

«ስክሪኑን አዙሩልኝ» አለ።

«አባቴ፣ አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ታትሞልዎታል» አለው ባለሙያው በትሕትና።

«ወረቀቱማ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። እዚህ ቤት ሲጻፍ እያየሁ ነው ጣቴን የማሳርፈው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ከኋላው የቆመችው ሴት «እኔም ሳላይ አላሳርፍም» አለች። ከእሷ ኋላ ያሉት ሁለቱም እንዲሁ አሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማንም ወደ እኔ አልተመለከተም፤ ማን እንደሆንሁ የሚያውቅም ከመካከላቸው አልነበረም። ሰልፉ ባለበት ቆመ።

ባለሙያው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ከማሽኑ ጀርባ ስንት መሰኪያ እንዳለ ቆጠረ። ከዚያ ቀና አለና አበባን ሁለተኛ ሞኒተር የት እንደሚገኝ ጠየቃት።